ፎቅ መውጣት ትቸገሪያለሽ ተብዬ ከሥራ ብቀር መብቴ ምንድን ነው?

ጠያቂ (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)፦
በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ። በልጅነቴ በያዘኝ ፖሊዮ ምክንያት የምንቀሳቀሰው በክራንች ነው። ባለፈው ወር ከዚራ የሚገኝ አንድ የግል ድርጅት ለሒሳብ ሠራተኛነት በሰጠው የጽሑፍ ፈተና አንደኛ ወጥቼ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም፤ የደረጃው መደገፊያም ከሁለተኛው ፎቅ በላይ ተነቅሏል። አንዱን ክራንች ለጥበቃው ሰጥቼ፣ በእጄ ግድግዳውን እየያዝኩ ወጣሁ። ስለ ሒሳብ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁኝ በየቀኑ እንዴት እንደምወጣ ብቻ ጠየቁኝ። በመጨረሻም «ለአንቺው ብለን ነው» ብለው በፈተናው ሦስተኛ የወጣውን ቀጠሩ። ምድር ቤት ባዶ ክፍል እንዳላቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ (የሕግ ባለሙያ)፦
እህቴ፣ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 እንዲህ ያለውን አድልዎ ይከለክላል። የሥራው ጠባይ ካላስገደደ በቀር፣ ከሌሎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ያመጣ አካል ጉዳተኛ እንኳ ቅድሚያ እንዲያገኝ ያዛል፤ አንቺ ደግሞ በልጠሽ ተገኝተሻል። ሒሳብ መሥራት ደረጃ መውጣትን የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። አዋጁ ተመጣጣኝ ማመቻቸት የሚለው የሥራ መሣሪያን፣ የሥራ ሰዓትንና የሥራ አካባቢን ማስተካከልን ስለሚጨምር፣ ጠረጴዛሽን ምድር ቤት ማድረግ በትክክል የታሰበው ዓይነት እርምጃ ነው፤ ይህን ማድረግ እየቻሉ መተውም ራሱ እንደ አድልዎ ይቆጠራል። አሠሪው በወጪ ሊያመካኝ የሚችለው ማስተካከያው ከድርጅቱ መጠንና አቅም አንጻር ከባድ ጫና የሚያስከትል ሲሆን ነው፤ ባዶ ክፍል ላለው ሰው ይህ መከራከሪያ አያዋጣም። ፍርድ ቤት ብትሄጂ የሆነውን ፍሬ ነገር መግለጽ ይበቃሻል፤ አድልዎ አለመፈጸሙን የማስረዳት ሸክም ያለበት አሠሪው ነው።

መልስ (ገንደ ቆሬ)፦
እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። አሠሪ እንደ አስፈላጊነቱ ረዳት መመደብ እንዳለበት በዚሁ አዋጅ ተጽፎ ሳለ፣ ሳላውቀው ስድስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ የሚያነብልኝን ልጅ ከደመወዜ እየከፈልኩ ሠራሁ። ዝም አትበይ።

መልስ (የሰው ኃይል አስተዳደር ሠራተኛ)፦
ከክሱ በፊት ያልተቀጠርሽበትን ምክንያት በጽሑፍ ጠይቂያቸው፤ ምድር ቤት መሥራት እንደምትችዪም በደብዳቤው ግለጪ። ቅጂው ላይ የተቀበለበትን ቀን አስፈርሚ። የውጤት ማስታወቂያውም ሳይነሳ ፎቶ ይነሣ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማስታወቂያው እስከ ትናንት በራቸው ላይ ነበር፤ ወንድሜ አሁን ፎቶ ሊያነሣው ሄዷል፤ እኔም ደብዳቤውን መጻፍ ጀምሬአለሁ።