ኪኒኑን እየዋጥኩ አቅም ያጣሁት ለምንድን ነው? ታይሮይድና ማይቶኮንድሪያስ ምን አገናኛቸው?

የአዳማዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እንቅርቴን ኦፕሬሽን ከተደረግኩ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። የታይሮይድ እጢው ሙሉ በሙሉ ነው የወጣው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእጢውን ሆርሞን የሚተካ የ100 ማይክሮግራም ታይሮክሲን በየቀኑ እውጣለሁ። አንድም ቀን አልዘለልኩም።

ግን አቅም የለኝም። ልብስ አጥቤ ላሰጣ ስል ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አልነሳ ይላል። አዳማን ታውቋታላችሁ። በሚያዝያ ሰው ጥላ ጥላውን ሲፈልግ እኔ ሹራብ ደርቤ ፀሐይ ላይ እቀመጣለሁ። ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ምግብ ቀንሼም ክብደቴ 5 ኪሎ ጨመረ። ባለፈው ሳምንት ስመረመር ቲኤስኤች፣ ያ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ የሚለው የደም ምርመራ፣ 38 ሆነ። ሐኪሙ «ኪኒኑን በየቀኑ ትወስጃለሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ከኋላዬ ወረፋው ረጅም ስለነበር ሌላ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ማታ የ9ኛ ክፍል ልጄ የባዮሎጂ መጽሐፉን ይዞ መጣ። ባቄላ የመሰለ ሥዕል አሳየኝና «እማ፣ ጉልበት የሚሠራው እዚህ ውስጥ ነው፤ ማይቶኮንድሪያ ይባላል» አለኝ። ይሄ ነገር እግሬ ውስጥም ካለ፣ አንገቴ ላይ የነበረ እጢ ከእሱ ጋር ምን አገናኘው? ኪኒኑንስ እየዋጥኩ ለምን አይሠራልኝም? የሚያውቅ ያስረዳኝ።

ማር እሸት፦

እህቴ እግዚአብሔር ይማርሽ። እናቴም እንቅርት ነበረባት። አዮዲን ያለው ጨው ተጠቀሚ ብለዋት ነበር። አንቺም ጨውሽን ከፍ አድርጊው።

የፊዚዮሎጂ መምህር፦

የአዳማዋ እህቴ፣ ጤና ኮሌጅ ውስጥ ፊዚዮሎጂ 22 ዓመት አስተምሬያለሁ። ባለቤቴም እንደ አንቺ እጢዋ ከወጣ 11 ዓመት ሆኗታል። ነገሩን ከመጽሐፍም ከቤቴም አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጨው። ማር እሸት የተናገሩት በቅንነት ነው። እጢው በቦታው ላለና አዮዲን ላነሰው ሰው ልክ ነው። ግን አዮዲኑ ሆርሞን የሚሆነው እጢው ውስጥ ነው። አንቺ ጋ እጢው የለም፣ ስለዚህ ጨው ብታበዢ ሆርሞን አይሆንልሽም። ለልጆችሽ ግን አዮዲን ያለውን ግዢ። ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሪው፣ ዕቃውንም ክደኚው፤ አዮዲን በሙቀትና በአየር ይጠፋል።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። የምትውጪው ታይሮክሲን በአጭሩ ቲ4 ይባላል። አራት የአዮዲን አቶም ተሸክሟል። እንዳለ ብዙም አይሠራም። ጉበትሽ፣ ኩላሊትሽና ሌሎች የሰውነት ክፍሎች አንዱን አዮዲን ሲነቅሉለት ቲ3 ይሆናል። ዋናው ሠራተኛ እሱ ነው። ቲ4ን ኬንዳል የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1914 ለይቶ አወጣው። ቲ3 እስኪታወቅ ግን 1952 ደረሰ። ያን ሁሉ ዓመት ሠራተኛው ሳይታወቅ ኖረ ማለት ነው።

ቲ3 ሴል ውስጥ ገብቶ ወዴት ይሄዳል? ተማሪዎቼን ስጠይቃቸው ሁሉም «ማይቶኮንድሪያ» ይሉኝ ነበር። አብዛኛው ሥራው ግን የሴሉ ማዕከል በሆነው ኒውክለስ ውስጥ ነው። እዚያ ዲኤንኤው ላይ ከሚጠብቀው መቀበያ ጋር ይያያዝና ጂኖችን ይቀሰቅሳል። ከሚቀሰቅሳቸው አንዱ ፒጂሲ-1 አልፋ የሚባል ፕሮቲን ያሠራል። ይሄን ፕሮቲን የግንባታው ፎርማን በይው። እሱ ሲበረታ ማይቶኮንድሪያዎቹ ያድጋሉ፣ ይከፈላሉ፣ ይበዛሉ። ኦክስጅን ተጠቅመው ምግቡን የሚያነዱት ፕሮቲኖችም በውስጣቸው ይጨምራሉ።

በማዕድ ቤት ላስረዳሽ። ቲ3 ምድጃ ውስጥ የሚማገድ እንጨት አይደለም። እንጨቱ የበላሽው ምግብ ነው። ቲ3 «ሌላ ምድጃ ይተከል» የሚል ትዕዛዝ ነው። የድግስ ቤት አስቢ። ሁለት ምድጃ ብቻ ካለ እንጨት ጓሮ ሙሉ ቢከመር ለመቶ ሰው የሚበቃ እንጀራ አይደርስም። ክንድሽ አልነሳ ያለው ምድጃው ስላነሰ ነው። እንጨቱም ሳይነድ ይጠራቀማል። ከጨመርሽው 5 ኪሎ ከፊሉ ይሄ ነው፤ ቀሪው ሰውነትሽ የያዘው ውሃ ነው።

ብርዱም ከዚሁ ይመጣል። እያንዳንዱ ሴል ሶዲየም የሚያስወጣ፣ ፖታሲየም የሚያስገባ ፓምፕ አለው። ሌት ተቀን ይሠራል፣ ሲሠራም ሙቀት ይወጣዋል። ቲ3 እነዚህንም ፓምፖች ያበዛል። ሲያንስ ፓምፑም ሙቀቱም ይቀንሳል። አዳማ ላይ ሹራብ መልበስሽ ከሕመሙ የመጣ ነው፤ ማንም «ታበዢዋለሽ» ቢልሽ አትስሚው።

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው አንድ ታሪክ አለ። ስዊድን ውስጥ አንዲት ሴት ላብ ያጠምቃታል፣ በደንብ እየበላች ትከሳለች። ምልክቷ ሁሉ ታይሮይድ የበዛበት ሰው ምልክት ነው። ታይሮይዷ ሲለካ ግን ደህና ነው። ሮልፍ ሉፍት የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ ከጡንቻዋ ናሙና ወስደው አዩት። ችግሩ ራሱ ማይቶኮንድሪያው ላይ ነበር። ምድጃው ይነዳል፣ እሳቱ ግን ምጣዱን ትቶ በጎን ይወጣል። ይሄን እ.ኤ.አ. በ1962 አሳተሙት። በማይቶኮንድሪያ ሕመም የታወቀች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። አንገትሽና ልጅሽ ያሳየሽ ሥዕል ይህን ያህል የተቀራረቡ ናቸው። አንዱ ሲታመም ሌላው የታመመ ይመስላል።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ኪኒኑን በስንት ሰዓት ነው የምትውጪው? በምን? ሌላስ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?

የአዳማዋ፦

መምህር እግዜር ይስጥልኝ። እንደዚህ ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ ሰው የለም። ምድጃውን ለልጄ አነበብኩለት።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የምውጠው። ቡናዬን አፈላና በመጀመሪያው ስኒ እውጠዋለሁ። ከኦፕሬሽኑ በኋላ የታዘዘልኝ ካልሲየም አለ። ለደም ማነስ ደግሞ አይረን አለ። እንዳልረሳ ብዬ ሦስቱንም እጄ ላይ አድርጌ አንዴ ነው የምውጣቸው። ጥፋት ነው እንዴ? ማንም አልነገረኝም።

የፊዚዮሎጂ መምህር፦

አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ሲሰጡሽ ሊነገርሽ ይገባ ነበር። ባለቤቴንም እንዲሁ ዝም ብለው ነው የሸኟት፤ ስንት ወር ተሰቃየች።

ቡና ኪኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያስተጓጉላል። ካልሲየምና አይረን ደግሞ አንጀት ውስጥ ይይዙትና ይዘውት ይወጣሉ። አንቺ ሦስቱንም መሰናክል በአንድ ጉርሻ ነው የሰጠሽው። 100 ብለሽ የዋጥሽው ምን ያህሉ እንደገባ ማን ያውቃል።

ከነገ ጀምሮ ታይሮክሲኑን በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ዋጪ። ቡናና ቁርስ ከ1 ሰዓት በኋላ ይሁን። ካልሲየምና አይረን ቢያንስ 4 ሰዓት ይራቁት። ባለቤቴ ካልሲየሙን ከምሳ ጋር፣ አይረኑን ማታ ነው የምትወስደው። መጠኑን በራስሽ እንዳትጨምሪ። ሐኪምሽ ጋ ተመልሰሽ ለእኔ የጻፍሽልኝን እንዳለ ንገሪው፤ ወረፋው ቢረዝምም ንገሪው።

በሦስት ቀን ለውጥ አትጠብቂ። ቲ4 ቀርፋፋ ነው፣ ደም ውስጥ ያለው በግማሽ እስኪቀንስ 7 ቀን ገደማ ይፈጃል። ልኩን ይዞ የሚረጋው በ5 እና 6 ሳምንት ነው። ቲኤስኤች ከ6 ሳምንት በኋላ የሚለካውም ለዚህ ነው።

ከፍራንክፈርት፦

እኔ የአንቺ ተቃራኒ ነበርኩ። ታይሮይዴ በዝቶ፣ ግሬቭስ የሚባለው ሕመም። 9 ኪሎ ቀነስኩ። ሰው ሁሉ «አማረብሽ» ይለኝ ነበር። እኔ ግን 3ኛ ፎቅ የሚገኘው ቤቴ ለመድረስ 2ኛው ላይ ደረጃው ላይ ቁጭ እላለሁ። ተኝቼ ልቤ በደቂቃ 118 ይመታል። ሻይ ስይዝ ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል። ለመክሳት ብለው ይሄን ኪኒን የሚፈልጉ ሴቶች ስለማውቅ ነው የምጽፈው። እባካችሁ አትንኩት። መምህር፣ ምድጃው ከበዛ እኔ ለምን ደከመኝ?

የፊዚዮሎጂ መምህር፦

እህቴ፣ እንኳን ተረፍሽ። ቲ3 ከልክ ሲያልፍ እንጨቱ አይበቃም። ሰውነት የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ ይማግዳል። ጭንና ትከሻ ቀድመው ይደክማሉ፤ ደረጃው ያቃተሽ ለዚያ ነው። ከሚነደውም ብዙው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ልብ ደግሞ ያን ሁሉ ኦክስጅን ለማድረስ እረፍት ያጣል።

የአዳማዋ፦ (ከ7 ሳምንት በኋላ)

ሰላም መምህር፣ ሰላም ሁላችሁ። ቲኤስኤች ከ38 ወደ 5.2 ወርዷል! ሐኪሙ መጠኑን ሳይነካ ከ6 ሳምንት በኋላ ድጋሚ እንለካለን አለኝ። ገና ሙሉ አይደለሁም፣ ከሰዓት በኋላ ይደክመኛል። ግን ትናንት ብርድ ልብስ አጥቤ ራሴ ጨምቄ ገመድ ላይ አወጣሁት። ልጄ ቆሞ ያየኝ ነበር።

አንድ ጥያቄ ብቻ። እሁድ ቅዳሴ አስቀድሼ እስክመለስ ውሃ አልቀምስም። የዚያን ቀን ኪኒኑን ምን ላድርገው?

የፊዚዮሎጂ መምህር፦

እልል! ለባለቤቴም ነገርኳት።

እሁድን አትዝለዪው። ዋናው ሆድሽ ባዶ መሆኑ ነው። ቤት ስትገቢ ከምንም በፊት እሱን በውሃ ዋጪ፣ 1 ሰዓት ጠብቂና ቁርስሽን ብዪ፤ ካልሲየሙንም የዚያን ቀን ገፋ አድርጊው። ይሄ ካስቸገረሽ ሐኪምሽን አማክረሽ በቋሚነት ወደ ማታ ማዞር ይቻላል። እራት ከበላሽ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ልትተኚ ስትይ። አይረኑን ያኔ ወደ ቀን ታመጪዋለሽ።