«ሕዝቡ ስላልገባው ነው»፦ ማን ነው ያልገባው?

ቱንቢ፦ ትናንት አንድ አርክቴክት በሬዲዮ «ሕዝቡ አርክቴክት የማይቀጥረው ስላልገባው ነው» ሲል ሰማሁ። እስካሁን አልበረደልኝም። ሐኪም «በሽተኛው አልገባውም» እያለ ሲያለቅስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ግንበኛ አለ፣ መሐንዲስ አለ። ሦስተኛው ሰው ምን ሊሠራ ነው የሚመጣው?

ማዕዘን90፦ መሐንዲሱ የሚጨነቀው ቤቱ እንዳይወድቅ ነው። ሳይወድቅ ሠላሳ ዓመት የሚያስመርር ቤት ግን ሞልቷል፤ ሳሎኑ ቀን በመብራት፣ መኝታ ቤቱ ከሰዓት በኋላ እንደ ምድጃ። ይኼን ቀድሞ የሚያስብልህ ሦስተኛው ሰውዬ ነው።

የግንበኛው ልጅ፦ «ስላልገባው» ወይ ጉድ! አባቴ ግንበኛ ነው። አንድ ጊዜ አርክቴክት ባመጣው ፕላን ላይ ደረጃው ወርዶ ወርዶ በር ላይ ያርፍ ነበር። አባቴ ነው ያየው፣ አባቴ ነው ያስተካከለው። አሁን ማን ነው ያልገባው?

ማዕዘን90፦ አንድ የተበላሸ ፕላን አይተህ ሙያውን በሙሉ ቀበርከው።

የግንበኛው ልጅ፦ እናንተስ ግንበኛን በሙሉ «አልገባውም» ስትሉ?

ማዕዘን90፦ ሕዝቡ ነው የተባለው፣ ግንበኛው አልተባለም።

የግንበኛው ልጅ፦ ግንበኛ ሕዝብ አይደለማ!

ቀራጺው፦ «አርክቴክት» የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክ የመጣ ነው፤ «አለቃ አናጢ» እንደ ማለት። የፍሎረንስ ካቴድራልን ጉልላት እ.ኤ.አ. በ1436 ከፍጻሜ ያደረሰው ብሩኔሌስኪ የሠለጠነው በወርቅ አንጥረኛነት ነበር። ጃፓናዊው አርክቴክት ታዳዎ አንዶም ቦክሰኛ ነበር፤ ሙያውን ራሱን አስተምሮ በ1995 የአርክቴክቶችን ትልቅ ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን ወሰደ።

ቱንቢ፦ ይኸው! አፌን ባሳከከኝ ሰዓት ደረስክልኝ።

ማዕዘን90፦ አንዶ ባይኖር ምን ትሉ ነበር? በብሪታንያ እኮ በ1997ቱ ሕግ ሳይመዘገብ «አርክቴክት ነኝ» ብሎ የሠራ ይቀጣል። ለቀልድ አይደለም።

ቀራጺው፦ ሕጉ የከለከለው ስሙን ነው፣ ሥራውን አይደለም። እዚያ ማንም ቤት መንደፍ ይችላል፤ አርክቴክት ነኝ አይበል እንጂ።

የግንበኛው ልጅ፦ ሃሃሃ! ሥራው ለሁሉም፣ ስሙ ለእነሱ። አሁን ገባኝ።

ውሃልክ፦ እኔ አርክቴክት ነኝ። እናቴ እስከ ዛሬ ለጎረቤት የምታስተዋውቀኝ «ኢንጂነሯ ልጄ» ብላ ነው። ሳይት ስገባ ደግሞ የመጋረጃ ቀለም ልመርጥ የመጣሁ ይመስላቸዋል። ሰርግ ቤት የሚያገኘኝ ሁሉ «አንድ ፕላን ጣል አድርጊልኝ» ይላል፤ ሐኪሙንማ ቀጠሮ ይዞ፣ ከፍሎ ነው የሚያየው። ቢሆንም ሰውዬው «ስላልገባው» ማለቱ እኔንም አሳፍሮኛል። ሰው ያልገባው እኛ የምንነጋገረው እርስ በርሳችን ስለሆነ ነው።

ቱንቢ፦ እህቴ፣ አንቺ እንኳ ሐቁን ተናገርሽ። ታዲያ የፕሩት-አይጎ የኪራይ መኖሪያ መንደርስ? አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ውስጥ 33 ሕንፃ ደርድረው፣ ሊፍቱ በየፎቁ እንዳይቆም አድርገው፣ ከ1972 ጀምሮ አፈረሱት። የገባቸው ሰዎች ናቸው ያንን የሠሩት።

ውሃልክ፦ የሊፍቱን እቀበላለሁ። የጥገናው ገንዘብ ግን ከተከራዮቹ ኪራይ እንዲወጣ የወሰነው አርክቴክቱ ያማሳኪ ነው? ተከራዩ ሲቀንስ ገንዘቡም ደረቀ፤ ስሙ የጠፋው ግን የአርክቴክቱ ነው። ሲያምር «የባለቤቱ ቤት»፣ ሲበላሽ «የአርክቴክቱ ቤት»።

ቱንቢ፦ ሲያምርማ ፎቶ የሚነሡበት እናንተ ናችሁ።

ማዕዘን90፦ የግንበኛው ልጅ፣ ያቺን የደረጃ ፕላን እስቲ አሳየን። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት እንደሆነስ?

የግንበኛው ልጅ፦ ወደ ውስጥ ነው።

ማዕዘን90፦ ፕላኑን አሳየና።

የግንበኛው ልጅ፦ አባቴን «አልገባውም» ልትለው ነው አይደል? በላ፣ በለው።

ቱንቢ፦ የሐኪሙን ጥያቄ እስካሁን የመለሰልኝ የለም።