«ዐመፀ»ና «ፈራ» በዘኁልቁ 14፥9

ሆሄ ለቃሚ፦ እስራኤላውያን ወደ ከነዓን መግባት በፈሩ ጊዜ ኢያሱና ካሌብ ለሕዝቡ «አታምፁ» ብለው ወዲያው «አትፍሩ» ይላሉ። ታዲያ ፍርሃት ራሱ ዐመፅ ነው ማለት ነው?

ባለ ግእዙ፦ መጀመሪያ የራሳችንን ቃል እንይ። በግእዝ የ«ዐመፃ» ዋና ፍቺ ግፍ፣ በደል ነው። በዕብራይስጥ ግን ሁለት ግሦች አሉ። እዚህ ያለው «ማራድ» ነው፤ ሕዝቅያስ ለአሦር ንጉሥ አልገዛም ሲልም የተባለው ይኸው ነው (2ኛ ነገሥት 18፥7)። ዘዳግም 1፥26 ላይ ያለው «ማራ»፣ ቃል በቃል «የእግዚአብሔርን አፍ ዐመፃችሁ» ይላል፤ አፍ ማለት ትእዛዝ ነው። አማርኛችን ሁለቱንም «ዐመፀ» ይላቸዋል።

ሆሄ ለቃሚ፦ ይኸኛው ከመራራው ውኃ፣ ከዘፀአት 15፥23 «ማራ» ጋር ይዛመዳል?

ባለ ግእዙ፦ አይዛመድም። የውኃው ሥር እንደኛው «መረረ» ነው፣ ሬሽ የተባለው ፊደል (የእኛ «ረ») ይደገማል። የዐመፁ ሥር መጨረሻ ግን ሄ (የእኛ «ሀ») ነው። ለስብከት ያምራል፣ ሰዋስው ግን አይቀበለውም።

ተርጓሚው፦ ወደ ፍርሃቱ ልመለስ። የዕብራይስጡ «ፈራ»፣ «ያሬ»፣ ለጠላትም ለእግዚአብሔርም ይነገራል፤ እኛስ «ፈሪሃ እግዚአብሔር» እንል የለ? ዘፀአት 14፥31 ላይ ሕዝቡ እግዚአብሔርን ፈሩ፣ አመኑም፤ ሁለቱ ግሦች ጎን ለጎን ናቸው። ስለዚህ ፍርሃትን የእምነት ተቃራኒ ማድረግ ችኮላ ነው። አንዳንዶች «ኤት» (የእኛ «-ን») ሲከተለው አክብሮት፣ «ሚን» («ከ») ሲከተለው ድንጋጤ ነው ይላሉ። አያስኬድም፤ የጠየቁት ጥቅስ ራሱ ስለ ከነዓን ሰዎች ሲናገር «ኤት» ይላል። የሚለየው የሚፈራው ማን እንደሆነ ነው።

እዚያው ዘፀአት 14፥31 ላይ «አመኑ» የተባለበት ግሥ፣ «ሄኤሚን»፣ ደግሞ ከእኛው «አመነ»ና «አሜን» ጋር ሥሩ አንድ ነው፣ ከሥሩ ያለው ሐሳብ ጽናት ነው። ዘፀአት 17፥12 ላይ የሙሴ እጆች «ኤሙና» ሆኑ፣ ማለት ጸኑ።

ሆሄ ለቃሚ፦ እንግዲያ ዐመፁ የቱ ላይ ነው?

ተርጓሚው፦ ዘዳግም 1፥43ን ከ1፥26 ጋር አስተያዩት። ፈርተው ወደ ምድሪቱ «አንወጣም» ሲሉ «ማራ» ተባለ። ቅጣቱን ሰምተው፣ አትውጡ እየተባሉ በድፍረት ሲወጡና ሖርማ እስከተባለ ስፍራ ድረስ ሲመቱም ግሡ ያው «ማራ» ነው።

ባለ ግእዙ፦ ስለዚህ «እምቢ አላችሁ» ብሎ መተርጎም ለ26 ይሆናል፣ ለ43 ግን ይጠብበዋል።

ተርጓሚው፦ አዎ። «ትእዛዙን ተላለፋችሁ» ቢባል ሁለቱንም ይይዛል፤ የ«አፍ»ን ለዛ ግን ያጣል።