ከደቻቱ ዳር የተገኘች ትንሽ ኤሊ ሰላጣ አልበላ አለችኝ፤ ምን ላድርግ?

የሳቢያን እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። ባለፈው ከዝናቡ በኋላ የ9 ዓመት ልጄ ከደቻቱ ወንዝ ዳር አንዲት ኤሊ ይዞ መጣ። ከመዳፌ አትበልጥም። ጀርባዋ ጠፍጠፍ ያለ፣ መልኳ ጭቃ ነው። ሳፋ ውስጥ ትንሽ ውሃ አድርጌ አስቀመጥኳት። ጎመን ሰጠኋት፣ ሰላጣ ሰጠኋት፣ ቲማቲምም ሞከርኩ። ዞር ብላ አላየችውም። ይኸው አራት ቀኗ። ስትያዝ ደግሞ መጥፎ ሽታ ትለቃለች። ልጄ «ታማለች» እያለ ያለቅሳል። ምን ላብላት? ወይስ ልመልሳት?

የከዚራ ልጅ፦
አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ አንድ ነገር እዪልኝ። ስትደነግጥ ጭንቅላቷን ቀጥ አድርጋ ነው ወደ ውስጥ የምትስበው ወይስ አንገቷን ወደ ጎን ታጥፋለች?

የሳቢያን እናት፦
አሁን አየኋት። ወደ ጎን ነው! አንገቷን አጥፋ ከቅርፊቷ ጠርዝ ሥር ሸጎጠችው። አንድ ዓይኗ ብቻ ያየኛል። አገጯ ሥር ደግሞ ሁለት ትንንሽ ሥጋ ተንጠልጥሏል።

የባዮሎጂ መምህር፣ ሐረር፦
እንግዲያው የውሃ ኤሊ ናት። ሳይንሱ ፔሎሜዱዛ የሚለው የአፍሪካ ወገን ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ የምናያት ጀርባዋ ጉብ ያለ የየብስ ኤሊ ሣርና ቅጠል ትበላለች። የእርስዎ ግን ሥጋ በል ናት። ትል፣ ነፍሳት፣ ቀንድ አውጣ፣ እንቁራሪት፣ የሞተ እንስሳም አይቀራት። ሰላጣውን ይተዉት።

ትል ወይም ጣት የማትሞላ ጥሬ ጉበት ውሃው ውስጥ ይጣሉላት። በአፏ ነክሳ በፊት እግሯ ጥፍር ስትቦጭቀው ያያሉ። ሽታውም በሽታ አይደለም። ጎኗ ላይ ካሉ እጢዎች ጠላት ለማባረር የምትለቀው ነው።

ይህን ወገን ሁሉም ሰው አንድ ዝርያ አድርጎ ነበር የሚያየው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን ወደ 10 ዝርያ ከፈለው። ስለዚህ በነገሩን ብቻ «ይህቺ ናት» አልልም።

መጋላ፦
እኔ ደግሞ የጭቃ ኤሊ ሆዷን እንደ በር ትዘጋለች ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

የባዮሎጂ መምህር፣ ሐረር፦
እሷ የአሜሪካዋ ናት፣ ኪኖስተርነን። የሆዷ ቅርፊት ሁለት ማጠፊያ አለው፣ ከፊትም ከኋላም ይዘጋል። አንገቷን ግን ወደ ጎን አታጥፍም፣ ቀጥ አድርጋ ነው የምትስበው። እዚህ አፍሪካ ፔሉሲዮስ የሚባሉት ከፊት በኩል አንድ ማጠፊያ አላቸው። የወይዘሮዋ ኤሊ ማጠፊያ የላትም። ሁሉም ግን በጠባይ ይመሳሰላሉ። ውሃው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ገብተው ዝናብ ይጠብቃሉ። ሲዘንብ ወጥተው ከኩሬ ኩሬ በእግራቸው ይሄዳሉ። ልጅዎ ደቻቱ ዳር ያገኛት ለዚህ ይመስለኛል።

መጋላ፦
ታዲያ ለምን አታሳድጊያትም? ድንጋይ አድርጊላት፣ ፀሐይ ትሙቅ፣ ውሃውን ቀይሪ። ልጁም ይማርበታል።

የከዚራ ልጅ፦
አቦ እኔ አልስማማም። ሳፋ ለሷ እስር ቤት ነው። ደግሞ ኤሊ ጤነኛ መስላም ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ትይዛለች። አሜሪካ ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑ ኤሊዎች እንዳይሸጡ እ.ኤ.አ. በ1975 የከለከለችው ሕፃናት አፋቸው ውስጥ እየከተቷቸው ስለታመሙ ነው። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ሳፋውንም ወጥ ቤት አታስገቡት።

የምትመልሷት ከሆነ እዚያው የተገኘችበት ቦታ፣ ጭቃና ውሃ ያለበት ኩሬ ዳር ይሁን። ደረቅ አሸዋ ላይ እንዳትተዋት። ልጁን ብቻውን አትላኪው። ከላይ ከተራራው በኩል ከጠቆረ ድሬ ጠብታ ሳይወርድባት ጎርፍ ይመጣል። የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ የምናውቅ እናውቀዋለን።

የሳቢያን እናት፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጉበቱን በልታለች! ልጄ ደስታውን አልቻለም። ዛሬ አመሻሽ ላይ ሰማዩ ጠራ ሲል አብረን ወስደናት መጣን። ጭቃው ላይ ስናስቀምጣት ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ አፍንጫዋን አስገብታ በፊት እግሯ ጭቃውን ግራና ቀኝ እየገፋች ገባች። የመጨረሻ ያየነው ጥቂት አረፋ ነው። ልጄ አረፋው እስኪጠፋ አልንቀሳቀስም ብሎ ቆመ፣ እኔም ከጎኑ ቆምኩ።