የክርን ማሰሪያው የት ላይ ነው የሚታሰረው?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ የምታውቁ አንድ በሉኝ። ደሴ ሸዋበር አካባቢ እንጨት ሥራ ላይ ነኝ። ሁለት ወር ሆነኝ፣ ካቻቢቴ ባዞርኩ ቁጥር የቀኝ ክርኔ በውጭ በኩል እንደ እሳት ይለበልበኛል፣ ጠዋት ጠዋትማ የሻይ ብርጭቆ ማንሳት እንኳ አቅቶኛል። ሐኪም "ቴኒስ ኤልቦ" አለኝ፤ ለካ ቴኒስ ባይጫወቱም፣ እጅ ሥራ ሲደጋገምበት ጅማቱ እየተጎዳ የሚመጣ ነው። ማሰሪያ ገዛሁ። አጥንቱ ላይ ሳስረው ጭራሽ ባሰብኝ። ከክርን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ጡንቻው ላይ ነው የሚሉት እውነት ነው? ጠበቅ ሳደርገው ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ ሳላላው ይንሸራተታል። ማታ ስተኛስ ላውልቀው? ሥራ ማቆም አልችልም፣ የልጆቼ እንጀራ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጎበዝ ፊዚዮቴራፒስት የምታውቁ ጠቁሙኝ።