ሪሴፕተሮች ከሲናፕስ ላይ ተነሥተው የት ይሄዳሉ?

የጅማዋ፦ ሰላም፣ ፈተና ደርሶብኛል፣ አንድ ነገር አልገባ አለኝ። ኤኤምፒኤ ሪሴፕተር (በሲናፕስ፣ ማለትም በሁለት ነርቭ ሴሎች መገናኛ ላይ ያለ መልእክት ተቀባይ ፕሮቲን) ግሉታሜት የሚባለው መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ሲይዘው ተከፍቶ ሶዲየም ያስገባል፣ እሺ። ግን ነርቭ ሴሉ ለምን ከሽፋኑ ላይ አንሥቶ ወደ ውስጥ ይስበዋል? ሁሌ አዲስ ሊሠራ ነው?

መልስ 1፦ እህቴ፣ ጅማ ሆነሽ የቡና ሲኒ አስቢ። እንግዳ በጠጣ ቁጥር አዲስ ሲኒ አይገዛም፣ ታጥቦ ረከቦቱ ላይ ይመለሳል። ሪሴፕተሩም በሽፋኑ ላይ ተንሸራቶ ከሲናፕሱ ጠርዝ ይደርስና ክላትሪን የሚባል ፕሮቲን በለበሰ ከረጢት ተጠቅልሎ ይገባል፣ ከዚያ ኢንዶሶም በሚባል የሴሉ ውስጥ መለያ ክፍል ይለያል፣ የሚመለሰው ራብ11 የሚባል ፕሮቲን በሚመራው መንገድ ተመልሶ ይወጣል። የተሰነጠቀ ሲኒ ይጣል የለ? የማይመለሰው ላይሶሶም የሚባል የሴሉ ማፍረሻ ክፍል ገብቶ ይፈርሳል።

መልስ 2፦ ሲኒው ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ግን ዋናው በሽፋኑ ላይ ያሉት ሪሴፕተሮች ቁጥር መቀየሩ ነው። ስትማሪ ኤንኤምዲኤ በሚባል ሌላ የግሉታሜት ሪሴፕተር በኩል ካልሲየም በብዛት ይገባል፤ ያኔ ውስጥ የተቀመጡት ኤኤምፒኤ ሪሴፕተሮች ወደ ሽፋኑ ይወጣሉ፣ ሲናፕሱም ይጠነክራል። ካልሲየሙ በትንሹ ለረጅም ጊዜ ሲገባ ደግሞ ሪሴፕተሮቹ ይነሣሉ፣ ሲናፕሱም ይደክማል። እኔን እስካሁን የሚደንቀኝ ይሄ ነው፣ ያው አንድ ካልሲየም!

የጅማዋ፦ ተባረኩ፣ አሁን ቁልጭ አለልኝ። ክላትሪኑን ደግሜ ላንብበው።