ለልጄ ድራማ የ1863 ኮሌታ መስፋት አለብኝ፤ ምን ዓይነት ነው?

እናት ከሜሪላንድ (ጠያቂ)
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የ9 ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት ድራማ ይሠራል። ታሪኩ በ1863 (ዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ ነው) በፔንሲልቬንያ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። እሱ የባለሱቅ ልጅ ሆኖ ይጫወታል። ኢንተርኔት ላይ «የጥንት አሜሪካዊ ልጅ ልብስ» የሚል አግኝቼ 46 ዶላር ከፍዬ አዘዝኩ። የመጣው ጥቁር የከፋይ ኮት ነው፤ ትከሻው ላይ የሚተኛ ሰፊ የዳንቴል ኮሌታ አለው። በጣም ያምራል። አስተማሪዋ ግን አይታ «ኮሌታው የዚያ ዘመን አይደለም» ብላ መለሰችው። የዚያ ዘመን የቱ እንደሆነ አልነገረችንም። ልጁ ከፍቶት ነው የመጣው። የስፌት መኪና አለኝ፤ ቀሚስ እሰፋለሁ። ኮሌታ ግን ሰፍቼ አላውቅም። 8 ቀን ነው የቀረኝ። እባካችሁ እርዱኝ።

የድሮ ፎቶ ሰብሳቢ
እህቴ፣ አስተማሪዋ ልክ ናት። አንቺ ጋ የመጣው ፎንትልሮይ የሚባለው ኮሌታ ነው። ስሙን ያገኘው ፍራንሲስ ሆጅሰን በርኔት ከ1885 መጨረሻ ጀምሮ በልጆች መጽሔት ላይ በተከታታይ ካወጣችው ልብ ወለድ ነው። በ1886 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ለመጽሐፉ ሬጂናልድ በርች የሣለው ልጅ የከፋይ ልብስና ትልቅ የዳንቴል ኮሌታ ለብሷል። የአሜሪካ እናቶች ሥዕሉን አይተው ወንዶች ልጆቻቸውን እንደዚያው አለበሱ። እንግዲህ ቁጠሪው፤ ከድራማችሁ ከ20 ዓመት በላይ ይዘገያል።

ሻጮቹ ሁሉንም «ቪክቶሪያዊ» ይሉታል። ንግሥት ቪክቶሪያ ከ1837 እስከ 1901 ነግሣለች፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የወንድ ልጅ ኮሌታ ስንቴ ተለዋውጧል! ልብስ ስትፈልጊ ዓመቱን ጠይቂ፤ የዘመኑ ስም አይበቃም።

ለ1863 የሚሆነው ጠባብ፣ ነጭ፣ ወደ ታች የሚታጠፍ ኮሌታ ነው። ከኮቱ አንገት በላይ ትንሽ ብቻ ብቅ ይላል። ከፊቱ ቀጭን ሪባን በቢራቢሮ ቅርጽ ይታሰራል። ኮቱ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ የላይኛው ቁልፍ ብቻ ተቆልፎ ከዚያ በታች ይከፈታል። በዚያን ዘመን የልጆች ፎቶ ላይ ደጋግሜ የማየው ይኼን ነው።

ጎረቤት ከቨርጂኒያ
እህቴ፣ እኔ ጋ የልጄ የመርከበኛ ልብስ አለ፤ ከኋላ አራት ማዕዘን ሆኖ የሚወርድ ኮሌታ ያለው። እሱም ድሮ የአሜሪካ ልጆች ይለብሱት ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ልላክልሽ?

የድሮ ፎቶ ሰብሳቢ
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ግን ለዚህ ድራማ አይሆንም። የመርከበኛ ልብስ በልጅ ላይ የታወቀው የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ በ1846 ለብሶት ከተሣለ በኋላ ነው። አሜሪካ ውስጥ የብዙ ልጅ ልብስ የሆነው ግን ከእርስ በርስ ጦርነቱ (1861–1865) በኋላ ነው። ለ1890 ድራማ ቢሆን ኖሮ ዓይኔን ሳላሽ እቀበልህ ነበር። ኢተን የሚባለው ትልቅና ደረቅ ነጭ ኮሌታም እዚህ አገር የከተማ ልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ወደ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ነው። ክብ ኮሌታ ከትልቅ ሪባን ጋር ካያችሁ ደግሞ ባስተር ብራውን የሚባለው ነው፤ ስሙ የአንድ የጋዜጣ የሥዕል ታሪክ ልጅ ስም ነው፤ ሥዕሉ የጀመረው በ1902 ስለሆነ ከናካቴው ሌላ ምዕተ ዓመት ነው።

መርፌና ክር (ልብስ ሰፊ)
እሺ፣ ወደ ሥራው እንግባ። እናት፣ አትፍሪ፤ ቀሚስ የምትሰፋ ሴት ይኼ አያቅታትም።

መጀመሪያ የልጁን አንገት ለኪ። ሜትሩ ውስጥ አንድ ጣትሽ ይግባ፤ ያለዚያ መድረክ ላይ ያንቀዋል። በዚያ ልክ ላይ 2 ሴንቲ ጨምሪ። ሁለት ነገር ነው የምትቆርጪው፤ አንገቱን የሚከበው መቀመጫና ከላይ የሚታጠፈው። መቀመጫው ተሰፍቶ ሲያልቅ 2 ሴንቲ ተኩል፣ የሚታጠፈው 4 ሴንቲ ተኩል ቁመት ይኑረው። የሚታጠፈው መብለጥ አለበት፤ እኩል ከሆኑ ስፌቱ ከሥር ይታያል። ነጭ ጥጥ ይሁን፤ አቡጀዲም ይሆናል። ከመቁረጥሽ በፊት ጨርቁን እጠቢው፤ አለዚያ በኋላ ይሰበሰብብሻል። እያንዳንዱን በድርብ ጨርቅ ቁረጪ፤ በሁለቱ ጨርቅ መሃል ጠንከር ያለ ሦስተኛ ጨርቅ አስገቢ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ጫፉ ነው። ጨርቁን በግልባጩ ሰፍተሽ ከመገልበጥሽ በፊት ከስፌቱ ውጪ ያለውን ትርፍ 3 ሚሊ ብቻ እስኪቀር ቁረጪው፤ ማዕዘኑ ላይ ደግሞ በሰያፍ። ካልቆረጥሽ ጫፉ ውስጥ ጨርቅ ተከማችቶ እብጠት ይሠራል፤ ምንም ብትተኩሺው አይተኛም። ስትገለብጪ በመቀስ ጫፍ እንዳትወጊው፤ የእንጨት ማንኪያ እጀታ ተጠቀሚ። ሸሚዙ ላይ በእጅሽ ላላ አድርገሽ ስፊው። ሲቆሽሽ ፈትተሽ ለብቻው ታጥቢዋለሽ።

የሁለት ወንዶች አባት
መስፋት ለማይችል ሰው፣ እኔ ባለፈው ዓመት ለልጄ በወፍራም ነጭ ወረቀት ቆርጬ ነበር የሠራሁት። ከሩቅ ማንም አላወቀም። ብቻ ላብ ሲነካው ይለሰልሳል፤ ሁለት ሦስት አዘጋጁ።

መርፌና ክር
ወንድሜ፣ አትከፋብኝ፤ ወረቀት ግን ማስመሰል ነው። ልጁ የዘመኑን ነገር ቢለብስ ይሻላል።

የድሮ ፎቶ ሰብሳቢ
ወረቀቱም የዘመኑ ነው! ዋልተር ሀንት የወረቀት ኮሌታ ፓተንት ያወጣው በ1854 ነው። ቤታችን ያለውን መርፌ ቁልፍ በ1849 ያስመዘገበውም እሱ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሰው ለብሶ የሚጥለው የወረቀት ኮሌታ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ለ1863 የባለሱቅ ልጅ የወረቀት ኮሌታ ያምርበታል። የማይሆነው ሴሉሎይድ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ የሚወለወለው የፕላስቲክ ዓይነት። እሱ ከ1870 በኋላ ነው የመጣው።

መርፌና ክር
ይቅርታ ወንድሜ፣ ይኼን አላውቅም ነበር። ተምሬያለሁ።

እትዬ ከኦልባኒ
ልጆቼ፣ እኔ የምኖረው ኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ውስጥ ላለችው ለትሮይ ከተማ ቅርብ ነው። ትሮይን «የኮሌታ ከተማ» ይሏታል። ሀና ሎርድ ሞንታግ የምትባል ሴት በ1827 የባሏን ሸሚዝ በኮሌታው ምክንያት ሙሉውን ማጠብ ሰልችቷት፣ ኮሌታውን ቆርጣ ለብቻው አጥባ መልሳ ሰፋችው ይባላል። ከዚያ ከተማው ሁሉ በኮሌታ ሥራ ተሞላ። አጣቢዎቹና ተኳሾቹ ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ከአየርላንድ የተሰደዱ። ከፈላ ውኃ፣ ከትኩስ ስታርችና ከከባድ ካውያ ጋር ነበር ውሏቸው። በ1864 ኬት ሙላኒ የምትባል ወጣት አስተባብራቸው ማኅበር አቋቋሙ፤ ሥራ አቁመው ደመወዝ አስጨመሩ። ቤቷ አሁንም ትሮይ ውስጥ አለ፤ በመንግሥት የታሪክ ቅርስ ሆኗል። ኮሌታ ስተኩስ ሁልጊዜ እነሱ ትዝ ይሉኛል። እኔም ስደተኛ ነኝ፣ እኔም ላውንደሪ ሠርቻለሁ።

አንቺ ልጄ፣ ኮሌታው ጠንከር እንዲል ስታርቹን እንዲህ አድርጊው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በትንሽ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጪ። በሁለት ኩባያ የፈላ ውኃ ላይ እያማሰልሽ ጨምሪው። እንደ ቀጭን አጥሚት ሲሆን አውጪው። ሲበርድ ኮሌታውን ንከሪ፣ ጨምቂ፣ ገና እርጥበት እያለው ተኩሺው። ከደረቀ በኋላ ከተኮስሽው ይንጣጣል። ከግልባጩ ጀምሪ፤ ከጫፍ ወደ መሃል።

እናት ከሜሪላንድ (ጠያቂ)
እትዬ፣ እጅዎን እስማለሁ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ፤ የዘመኑን ፎቶ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። የት አገኛለሁ?

የድሮ ፎቶ ሰብሳቢ
የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ። የሊልየንክዊስት ስብስብ የሚባለውን ፈልጊ፤ የጦርነቱ ዘመን ወታደሮችና ቤተሰቦች ፎቶ ነው። የሊንከን ልጅ ታድ ከአባቱ ጋር አልበም ሲያይ በየካቲት 1864 የተነሳውም አለ፤ ያኔ 10 ዓመቱ ነበር፤ ለልጅሽ ዕድሜ ቅርብ ነው። ሌላ ቦታ የምታገኚውን ፎቶ ዓመት ግን ዝም ብለሽ አትመኚ። ከጀርባው የቀረጥ ቴምብር ካለው ከመስከረም 1864 እስከ ነሐሴ 1866 የተሸጠ ነው፤ በፎቶ ላይ የሚከፈለው ግብር የነበረው በዚያ ጊዜ ብቻ ነው።

እናት ከሜሪላንድ (ጠያቂ)
ከ5 ቀን በኋላ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ኮሌታ ጫፉ አብጦ ተበላሸ፤ ትርፉን ሳልቆርጥ ነው የገለበጥኩት። ሁለተኛው ወጣልኝ! አስተማሪዋ በጣቷ ነክታው «ይኼ ነው» አለች። ልጄ ግን የላይኛው ጠርዝ አንገቱን እየፋቀው አገጩን ወደ ላይ ሰቅሎ ነው የሚሄደው። ምን ላድርግ?

መርፌና ክር
ጎበዝ! የታጠፈበትን ጠርዝ በደረቅ ሳሙና ከውስጥም ከውጭም እሺው፤ ይለሰልሳል። ካልበቃው ያንን ጠርዝ ብቻ በእርጥብ ጣት አርጥቢና ስታርቹን ቀንሺለት። ወደ ታች የሚተኛውን አትንኪው፤ እሱ ደረቅ ሆኖ ይቆይ።

እናት ከሜሪላንድ (ጠያቂ)
ሳሙናው ሠራ። ሐሙስ ማታ ነው ድራማው። የከፋዩን ኮት መልሼ ገንዘቤን ጠይቄያለሁ፤ የወረቀቱንም ኮሌታ ሁለት ቆርጬ ቦርሳው ውስጥ ከትቼለታለሁ።